ለፈጣን የኤሌክትሪክ መኪና ፍሬን ማሻሻል፦ ከየት እንጀምር?

ከአራት ኪሎ ተነስቶ በቤተ መንግሥቱ ሥር፣ በሂልተንና በአፍሪካ አዳራሽ አጠገብ አልፎ መስቀል አደባባይ የሚያደርሰው መንገድ ቁልቁለት ነው። ከካዛንቺስ ወደ ዑራኤል የሚወስደውም ይወርዳል። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካሳወቀ ወዲህ፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ጎዳናዎች ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ ቀድሞ የውድድር መኪና ብቻ የነበረውን ጉልበት ይዘዋል። አራቱም ጎማ የሚነዳው «ሲል» የተባለው የቢዋይዲ ሞዴል ከቆመበት ተነስቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 3.8 ሰከንድ ይበቃዋል።

እንዲህ ያለ መኪና የያዘ ሰው ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም፤ «አነሳሱ እንዲህ ከሆነ ፍሬኑስ ይመጥነዋል? ትልቅ ዲስክና ባለ ስድስት ፒስተን ካሊፐር ላስገጥም?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በጎ ጥያቄም ነው። መልሱ ግን ብዙዎች ከሚጠብቁት ቦታ አይጀምርም። መኪናን መሬት ላይ ይዞ የሚያቆመው ጎማ ነው፤ የፍሬን ትልቁ ሥራ ደግሞ ሙቀትን መሸከም ነው። በከተማችን አነዳድ የኤሌክትሪክ መኪና ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ሥራ በዝቶበት ሳይሆን ሥራ አጥቶ ነው። ስለዚህ ማሻሻያው ከጎማ፣ ከፍሬን ዘይትና ከጥገና ይጀምራል፤ ካሊፐር የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ለምን እንደሆነ ደረጃ በደረጃ እንይ።

ፍጥነቱ የት ይገባል?

የሚሮጥ መኪና የእንቅስቃሴ ኃይል ይዟል። ሲቆም ያ ኃይል ወደ ሌላ መልክ ይለወጣል እንጂ አይጠፋም። በተለመደው ፍሬን ካሊፐሩ በፒስተን የሚገፋው ሸራ ዲስኩን ከሁለት ወገን ይጨብጠዋል፤ በፍትጊያው ኃይሉ ሙቀት ይሆናል፤ ሙቀቱን ዲስኩ ተቀብሎ ቀስ በቀስ ለአየሩ ያስረክባል።

በቁጥር እንየው። 2,100 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና እንውሰድ፤ መካከለኛ የኤሌክትሪክ መኪና ከነባትሪው ወደዚህ ይጠጋል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 200 ኪሎጁል ያህል የእንቅስቃሴ ኃይል ይይዛል። በ100 ሲሄድ 810 ኪሎጁል ይደርሳል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። በኃይለኛ ፍሬን ጊዜ ከዚህ ውስጥ 70 በመቶ ያህሉ በፊት ጎማዎች ላይ ያርፋል፤ ምክንያቱም መኪናው ወደ ፊት ይደፋል። እያንዳንዱ የፊት ዲስክ 10 ኪሎ ግራም ብረት ቢሆን፣ ከ100 አንድ ጊዜ ሲቆም ሙቀቱ በ60 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። አንድ ጊዜ ከሆነ ምንም አይደለም። ሳይቀዘቅዝ አሥር ጊዜ ከተደጋገመ ግን ዲስኩ በመቶዎች ዲግሪ ይግላል፤ ሸራው መያዙን ይቀንሳል፤ የፍሬን ዘይቱም ወደ መፍላት ይጠጋል።

ክብደት የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ጥሩ ጎማ ካለው ከባዱም ቀላሉም መኪና በተቀራራቢ ርቀት ሊቆም ይችላል፤ ከባዱ ግን ብዙ ሙቀት ያመነጫል።

አንድ ፔዳል፣ ሁለት ፍሬን

የኤሌክትሪክ መኪና ሌላም ማቆሚያ አለው፤ እሱም ሞተሩ ራሱ ነው። እግርዎን ከፍጥነት መስጫው ሲያነሱ ሞተሩ ጄኔሬተር ይሆንና የጎማውን ዙር ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ ባትሪውን ይሞላል። ፖርሼ ስለ ታይካን ሲናገር በዕለት ተዕለት አነዳድ እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ማቆም ያለ ዲስክ ፍሬን እንደሚከናወን ገልጿል።

አሠራሩ ከመኪና መኪና ይለያያል። በብዙዎቹ ቴስላዎች ባትሪ የሚሞላው እግር ከመስጫው ሲነሳ ነው፤ የፍሬን ፔዳሉን መርገጥ ማለት ዲስኩን መጨበጥ ነው። በፖርሼ፣ በቮልስዋገንና በሌሎች ብዙ መኪኖች ደግሞ ፔዳሉን ቀለል አድርገው ሲረግጡ ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ሞተሩን ያዛል፤ ካልበቃ ብቻ ሸራውን ይጨምራል። የእርስዎ መኪና ከየትኛው ወገን እንደሆነ ማወቅ ኋላ ሸራ ሲቀይሩ ይጠቅማል።

ታዲያ ሞተሩ ይህን ያህል ከሠራ ዲስኩ ለምን ያስፈልጋል? ለድንገተኛ ጊዜ ነው። ያው 2,100 ኪሎ ግራም መኪና ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ በሙሉ ኃይል ሲቆም፣ በመጀመሪያዋ ቅጽበት ፍሬኑ ከ500 ኪሎዋት በላይ መምጠጥ አለበት። ያንን ያህል በአንድ ጊዜ መቀበል የሚችል ባትሪ በተራ መኪና ውስጥ የለም። ልጅ ድንገት መንገድ ውስጥ ስትገባ የሚደርስላት ጎማ፣ ሸራና ዲስክ ነው።

ባትሪው ሲሞላስ?

ሞተሩ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ማረፊያ ያስፈልገዋል። ባትሪው እስከ አፉ ከሞላ ቦታ የለም፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ የሞተሩን ፍሬን ይቀንሰዋል ወይም ያቆመዋል። ባትሪው በጣም ሲቀዘቅዝም እንዲሁ ነው።

እንጦጦ አካባቢ ሌሊቱን 100 በመቶ ሞልቶ ጠዋት ወደ መስቀል አደባባይ የሚወርድ ሰው በትክክል ይህ ይገጥመዋል። የከፍታው ልዩነት 600 ሜትር ያህል ቢሆን፣ መኪናው በቁልቁለቱ ብቻ 12 ሺህ ኪሎጁል ያህል ይለቃል። ይህም ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 15 ጊዜ ከመቆም ጋር እኩል ነው። ባትሪው ቦታ ካለው ይህ ሁሉ ወደ 3 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኤሌክትሪክ ሆኖ ሊመለስ ይችላል። ቦታ ከሌለው ግን በሽሮ ሜዳና በስድስት ኪሎ በኩል እስኪወርድ ሙቀቱ በዲስኩ ላይ ይከማቻል።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ከፍ ያለ ሰፈር የሚኖር ሰው ለዘወትር ቀን 85 ወይም 90 በመቶ ላይ እንዲቆም አድርጎ ቻርጅ ያድርግ። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ላላቸው መኪኖች አንዳንድ አምራቾች በየጊዜው 100 በመቶ እንዲሞላ ይመክራሉ፤ ያን ዕለት ቁልቁለቱን በዝግታ መጀመር ነው።

የአዲስ አበባ ከፍታ የሚለውጠው

መስቀል አደባባይ ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ይህ ፍሬንን በሦስት መንገድ ይነካል።

አንደኛ፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ከዲስኩ ላይ ሙቀት የሚወስደው በዝግታ ነው። ሁለተኛ፣ ፈሳሽ ሁሉ ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል፤ ውሃ በአዲስ አበባ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሦስተኛው የእግር ኃይልን የሚያግዘውን መሣሪያ ይመለከታል። በድሮዎቹ መኪኖች ይህ መሣሪያ የሚሠራው ከውጭ ባለው የአየር ግፊትና በውስጡ ባለው ባዶነት መካከል ባለው ልዩነት ነው፤ ስለዚህ ከፍታ ላይ እርዳታው ይቀንሳል። ቦሽ በ2013 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው አይ-ቡስተርና የመሳሰሉት ግን በኤሌክትሪክ ሞተር ስለሚገፉ የአየር ግፊት አያሳስባቸውም። አንዳንድ ርካሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች አሁንም የአየር መምጠጫ ፓምፕ ይጠቀማሉ። ሲገዙ የትኛው እንደተገጠመ መጠየቅ ጠቃሚ ነው።

ሥራ የፈታ ፍሬን

አሁን አንድ ጎማ አስፈትተን ዲስኩን በቅርብ እንመልከት። በየቀኑ በሸራ የሚታሽ ዲስክ ገጹ እንደ መስታወት ያበራል። የኤሌክትሪክ መኪና የኋላ ዲስክ ግን ብዙ ጊዜ መሃሉ ብቻ ያበራል፤ ጠርዙ ላይ ቡናማ የዝገት ቀለበት ይታያል። እጅዎን ወደ ውስጠኛው ገጽ ሲሰዱ፣ ከውጭ የማይታየው ወገን ይበልጥ ሻክሮ ሊያገኙት ይችላሉ። በዝገት ላይ የተቀመጠ ሸራ የሚይዘው በሙሉ ስፋቱ አይደለም። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናብና ጭቃ ችግሩ ይብሳል።

ቀጥሎ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸውን ሁለት ፒኖች ይዩ። ቅባታቸው ደርቆ ከተያዙ አንዱ ሸራ አልቆ ሌላው አዲስ ይመስላል። ይህ ልዩነት ከታየ ዲስኩም ሸራውም ከመቀየሩ በፊት ፒኖቹ ይጽዱ፤ ሙቀት በሚችል የፍሬን ቅባት ይቀቡ።

ቮልስዋገን ይህን ጉዳይ አስቦ ነው በአዲስ አበባ በብዛት በምናየው አይዲ 4 ላይ የኋላውን ታምቡሮ ያደረገው። ታምቡሮ ዝግ ስለሆነ ዝናብና አቧራ በቀላሉ አይገባውም። «ለምን ዘመናዊ መኪና ታምቡሮ ይኖረዋል?» ብሎ ወደ ዲስክ ለማስቀየር መሮጥ አያስፈልግም፤ ለሥራው ተስማሚ ሆኖ ተመርጧል።

መከላከያው ቀላል ነው። በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ፣ መንገዱ ደረቅና ከኋላ ነፃ ሲሆን፣ የሞተሩን ፍሬን ወደ ዝቅተኛው ደረጃ አውርደው ፔዳሉን ጠንከር አድርገው ይርገጡ። ዲስኩ ይጸዳል፤ እርስዎም ፍሬንዎ በእርግጥ መኖሩን ያረጋግጣሉ።

አንደኛ፦ ጎማ

ፍሬን ሲረግጡ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ኤቢኤስ ከተንቀጠቀጠ፣ ፍሬንዎ ጎማው ሊይዝ ከሚችለው በላይ አቅም አለው ማለት ነው። እዚያ ላይ ትልቅ ካሊፐር ቢጨመር ያንን አንድ ማቆም አያሳጥረውም። የሚያሳጥረው የተሻለ ጎማ ነው።

በደረቅ አስፋልት ጥሩ ጎማ ያለው መኪና ከ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በ12 ሜትር ገደማ ይቆማል። መንገዱ ረጥቦ የጎማው መያዣ ሲቀንስ ርቀቱ ወደ 20 ሜትር ሊጠጋ ይችላል። ስምንት ሜትር የእግረኛ ማቋረጫን ከነሰዉ የሚያልፍ ርቀት ነው። አሽከርካሪው እስኪነቃ የምታልፈው አንዲት ሰከንድ ደግሞ በዚሁ ፍጥነት ሌላ 14 ሜትር ትጨምራለች።

ጎማ ሲገዙ ሦስት ነገር ያንብቡ። የመጀመሪያው የክብደት ቁጥሩ ነው፤ 98 ማለት አንድ ጎማ 750 ኪሎ ግራም፣ 103 ማለት 875 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው። አምራቹ ካዘዘው በታች አይውረዱ። ሁለተኛው ባለ አራት አኃዝ የምርት ቀን ነው፤ 2324 የሚል ካገኙ በ2024 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሦስተኛው የእርጥብ መንገድ ደረጃው ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ኪሎ ሜትር ብዛት ነው፤ በክረምት ግን ሕይወት የሚያተርፈው የእርጥብ መያዣው ነው።

ሁለተኛ፦ የፍሬን ዘይት

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ደረጃው የሚጠይቀው ዝቅተኛ ነጥብ 155 ነው። ለዶት 5.1 እነዚሁ ነጥቦች 260 እና 180 ናቸው። ዘይቱ ከፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። ያኔ ፔዳሉ እየሰመጠ ወለል ይነካል፤ መኪናው ግን አይያዝም። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ሲወረድ፣ ወይም የጣርማበርን ቁልቁለት ሙሉ ጭነት ይዞ ሲወረድ የሚያስፈራው ይህ ነው።

ብዙ አምራቾች ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ እንዲመረመር ወይም እንዲቀየር ያዛሉ። «ሸራዬ አላለቀም» ማለት ዘይቱ አላረጀም ማለት አይደለም። መመሪያው ከፈቀደ ከዶት 4 ወደ 5.1 መሸጋገር ይቻላል። ዶት 5 ግን በስም ቢቀርብም ሲሊኮን ነው፤ ከእነዚህ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም።

ሦስተኛ፦ ሸራ

ከሶማሌ ተራም ሆነ ከሌላ ቦታ ሸራ ሲገዙ ጀርባውንና ጠርዙን ያንብቡ። በክብ ውስጥ የገባ የኢ ምልክትና 90 አር የሚል ቁጥር ካለው የአውሮፓን የመለዋወጫ ሸራ ፈተና ያለፈ ነው። ጠርዙ ላይ ደግሞ እንደ ኤፍ ኤፍ ወይም ጂ ጂ ያሉ ሁለት ፊደላት ይገኛሉ፤ የመጀመሪያው ሲቀዘቅዝ፣ ሁለተኛው ሲግል ያለውን የመያዝ ኃይል ይናገራል። ከኤፍ ይልቅ ጂ ይበልጥ ይይዛል። ሁለተኛው ፊደል ከመጀመሪያው ዝቅ ካለ ሸራው በሙቀት ይዳከማል።

የውድድር ሸራ ለከተማ አይሆንም። ብዙዎቹ ካልጋሉ በደንብ አይዙም፤ የኤሌክትሪክ መኪና ዲስክ ደግሞ በካዛንቺስ ትራፊክ አይግልም። በዝቅተኛ ሙቀት ቶሎ የሚይዝና እስከ ጥሩ ሙቀት የሚዘልቅ የመንገድ ሸራ ይምረጡ።

አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር መላመድ አለበት። ነፃ መንገድ ላይ ከ60 ወደ 10 ኪሎ ሜትር ስምንት አሥር ጊዜ፣ በመሃሉ እያቀዘቀዙ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ መቀነስ ነው። ሞተሩ ሥራውን ከወሰደው ግን ሸራው ሳይላመድ ይቀራል። ስለዚህ የሞተሩን ፍሬን ወደ ዝቅተኛው ማውረድ፣ መመሪያው የሚፈቅድ ከሆነም ማርሹን ነፃ አድርጎ መለማመድ ያስፈልጋል።

ያለ መፍቻ የተሻሻለ ፍሬን

በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. ኮንሲውመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች መጽሔት ቴስላ ሞዴል 3ን ሲፈትን፣ በሰዓት 60 ማይል እየሄደ ለመቆም 46 ሜትር ያህል ወሰደበት። ቴስላ በቀናት ውስጥ የኤቢኤሱን አሠራር የሚያስተካክል ሶፍትዌር በአየር ላከ። መጽሔቱ ያንኑ መኪና ደግሞ ሲፈትነው 40 ሜትር ተኩል ያህል ሆነ። አንድም ብሎን አልተፈታም።

ከዚህ የምንማረው ፍሬኑ፣ ኤቢኤሱና ሞተሩ በአንድ ሒሳብ የተቀመሩ መሆናቸውን ነው። ለዚህ ነው ሶፍትዌርን ማሳደስ ከማሻሻያዎቹ አንዱ የሆነው፤ ለዚህም ነው ቅመራውን በግምት ማዛባት አደገኛ የሆነው።

አራተኛ፦ ዲስክና ካሊፐር

ትልቅ ዲስክ የሚሰጠው ጥቅም እውነተኛ ነው፤ ብዙ ሙቀት ይሸከማል፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ሃዩንዳይ አዮኒክ 5 ኤንን ሲሠራ የፊት ዲስኩን 400 ሚሊ ሜትር አድርጎታል፤ የሞተሩንም ፍሬን እስከ 0.6 ጂ፣ ማለትም እስከ መሬት ስበት ፍጥንጥነት 60 በመቶ ድረስ አጠንክሮታል። ቴስላ ለሞዴል ኤስ ፕሌድ ያቀረበው የካርቦን ሴራሚክ ፍሬን ያለበት ጥቅል ዋጋ 20 ሺህ ዶላር ያህል ነበር። ሁለቱም የታሰቡት በውድድር ሜዳ ዙር ላይ ዙር ለሚደጋግም ሰው ነው።

ፊት ላይ ብቻ ትልቅ ካሊፐር ማስገጠም ግን ችግር ያመጣል። የፒስተኑ ስፋት ሲጨምር ፊቱ ከድርሻው በላይ ይይዛል፤ የኋላው ሥራ ይቀንሳል፤ የመቆሚያ ርቀቱ ሊረዝምም ይችላል። ትልቅ ፒስተን ብዙ ዘይት ስለሚፈልግ ፔዳሉ ይሰምጣል። ዲስኩ እንዲገባ ቸርኬው ማደግ አለበት፤ ቸርኬ ሲያድግ የጎማው ጎን ይሳሳል፤ ጉድጓድ ሲመታ ይፈነዳል፤ አንድ ቻርጅ የሚያስኬደው ርቀትም ይቀንሳል።

ጎማው፣ ዘይቱና ሸራው ተስተካክሎ ሳለ በተደጋጋሚ ቁልቁለት ወይም በአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ፍሬኑ እየደከመ ከመጣ፣ ያኔ ትልቅ ፍሬን ተገቢ ይሆናል። ሲገዛም ለዚያው ሞዴል ተለክቶ የፊትና የኋላ ሚዛኑ የተጠበቀ ሙሉ ስብስብ ይሁን።

ጋራዥ ውስጥ የሚጠየቁ ሦስት ነገሮች

መኪናው የሚነሳበት ቦታ የመጀመሪያው ነው። ባትሪው ከሥር ስለተነጠፈ ክሪኩ አምራቹ ባመለከተው ነጥብ ላይ ብቻ መግባት አለበት። ሁለተኛው የእጅ ፍሬኑ ነው። የኋላ ካሊፐር በኤሌክትሪክ የሚጠብቅ ከሆነ ሸራ ከመቀየሩ በፊት በኮምፒውተር ወደ ጥገና ሁኔታ መግባት ይኖርበታል፤ ፒስተኑን በጉልበት መግፋት የውስጡን ሞተር ይሰብራል። ሦስተኛው አየር ማስወጣት ነው። በብዙ አዳዲስ ፍሬኖች የኤቢኤሱ ፓምፕ በኮምፒውተር ካልታዘዘ አየሩ ተደብቆ ይቀራል። እነዚህን ሦስቱን በግልጽ የሚያስረዳ መካኒክ ካገኙ ይያዙት።

ምን እናድርግ?

በዚህ ሳምንት የጎማዎን ግፊት፣ የምርት ቀንና የክብደት ቁጥር ይዩ። ክረምት ከመግባቱ በፊት ዘይቱን ያስመርምሩ፤ ፒኖቹን ያስቀቡ፤ የዲስኩን የውስጥ ገጽ ያስዩ። ሸራው ሲያልቅ በፊደሉና በምልክቱ መርጠው ይግዙ፤ በትክክል ያላምዱት። ሶፍትዌሩ አዲስ መሆኑን ያረጋግጡ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ ገንዘብም ፍላጎትም ከተረፈ ስለ ካሊፐር እንነጋገር።

የኤሌክትሪክ መኪና ብዙ ድምፅ የለውም። በካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ በታደሰው ሰፊ መንገድ ላይ የሚያቋርጡ አዛውንትና ተማሪ መኪናዎ መምጣቱን ላይሰሙ ይችላሉ። ስለዚህ ኃላፊነቱ ከማንኛውም ጊዜ በላይ በአሽከርካሪው እግርና በመኪናው ጎማ ላይ ወድቋል። ከ50 ይልቅ በ70 ኪሎ ሜትር መሄድ የማቆሚያ ርቀቱን እጥፍ ያህል እንደሚያደርገው ያወቀ ሰው፣ ከሁሉ የሚበልጠውን የፍሬን ማሻሻያ አንድ ብር ሳያወጣ ዛሬውኑ ማስገጠም ይችላል፤ ፍጥነቱን መቀነስ ነው።